ፖሊስ ንብረትዎን በኤግዚቢትነት (በማስረጃነት) ሲይዝ ምን ማድረግ አለብዎት? ከበር እስከ ማስመለስ

ፖሊስ ቤት ሲበረብር ብዙ ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው በር ላይ ነው። "ትዕዛዝ አላችሁ ወይ?" እየተባለ ክርክሩ ይጦፋል። እቃው ሲወጣ፣ ሲቆጠርና ሲጻፍ ግን ልብ የሚል የለም። ሁሉም ደንግጧል፤ እናት ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ተሰብስቧል። ወራት ካለፉ በኋላ "ወርቁስ? ላፕቶፑስ? ብሩ ስንት ነበር?" የሚል ጥያቄ ሲመጣ የሚያስረዳ ወረቀት አይገኝም።

ትዕዛዙን መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ይጠይቁ። ንብረትዎን የሚያስመልስልዎት ግን በአብዛኛው ዝርዝሩ ነው። ምን ተያዘ? ስንት ነው? በምን ሁኔታ ላይ ነበር? ማን ወሰደው? ማን አየ? ይህ መመሪያ የሚያተኩረው እዚያ ላይ ነው። የተጻፈው ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉ ጉዳዮች ነው። ለተጠርጣሪው ብቻ አይደለም፤ በሌላ ሰው ጉዳይ እቃው ለተያዘበት ባለንብረትም ነው። ነገሩ ከበድ ካለ ጠበቃ የግድ ነው። ጠበቃ እስኪመጣ ያሉት ሰዓታት ግን የእርስዎ ናቸው፤ አያባክኗቸው።

መጀመሪያ ሕጉን በአጭሩ

ሁለት ሕጎችን በስም ይወቁ። አንደኛው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 26 ሰውነትዎ፣ ቤትዎና ንብረትዎ ያለ ሕግ እንዳይበረበሩ፣ በእጅዎ ያለ ንብረትም ያለ ሕግ እንዳይያዝ ይጠብቃል። ደብዳቤዎና የስልክ ግንኙነትዎም በዚሁ አንቀጽ ሥር ናቸው። መብቱ ሊገደብ ይችላል፤ ግን አስገዳጅ ምክንያትና ዝርዝር ሕግ ሲኖር ብቻ ነው።

ሁለተኛው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ቁልፎቹ አንቀጽ 32 እና 33 ናቸው። ፍሬ ነገራቸው ይህ ነው፦

- ቤት ለመበርበር የፍርድ ቤት የብርበራ ትዕዛዝ ያስፈልጋል። ትዕዛዙን ማንኛውም ፍርድ ቤት ሊሰጥ ይችላል።
- ያለ ትዕዛዝ መግባት የሚቻለው በሁለት ሁኔታ ነው። አንደኛው ፖሊስ እግር በእግር እየተከተለው ያለ ተጠርጣሪ ቤት ሲገባ ወይም የወንጀሉን እቃ እዚያ ሲጥል ነው። ሁለተኛው ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ፣ ማስረጃ የሚሆን እቃ አንድ ቦታ መደበቁን ፖሊስ መረጃ ሲያገኝና ትዕዛዝ እስኪወጣ እቃው እንደሚሸሽ የሚያሳምን ምክንያት ሲኖረው ነው።
- ትዕዛዙ የሚፈለገውን እቃ መግለጽ አለበት። በትዕዛዙ ከተጠቀሰው ውጭ መያዝ አይፈቀድም።
- የተያዘው ንብረት በዝርዝር ይጻፋል። ሲቻልም ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርማል።
- ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር ብርበራ የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው።
- ሰው የሚፈተሸው በሰውነቱ ላይ ማስረጃ ይዟል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲጠረጠር ነው። ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ይፈትሻል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዙ፤ ፖሊስ ይይዛል እንጂ አይወርስም። ንብረት ለመንግሥት ገቢ የሚሆነው በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። "ይሄ እቃ ከእንግዲህ የመንግሥት ነው" የሚል መርማሪ ካጋጠመዎት ያለ ፍርድ ቤት ያንን ማለት አይችልም።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ነገሩ ይለወጣል። አንቀጽ 26 በአስቸኳይ ጊዜ ሊታገዱ ከሚችሉት መብቶች አንዱ ነው። ያኔ ትዕዛዝ የለም ብሎ መከራከር ብዙ አያራምድም። ዝርዝር ማስጻፍ ግን ያኔም ይጠቅማል፤ እንዲያውም የበለጠ ያስፈልጋል።

1. ሳይመጡ በፊት

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ጥፋት የለብኝም ብሎ ያስባል። ግን ንብረት የሚያዘው የጥፋተኛ ብቻ አይደለም። ያከራዩት መኪና፣ ለወንድምዎ ያዋሱት ላፕቶፕ፣ ከሰው እጅ የገዙት ስልክ በሌላ ሰው ምክንያት ጣቢያ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ የስልክዎን አይኤምኢአይ (የስልኩን መለያ) ቁጥር ይመዝግቡ። *#06# ሲደውሉ ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ይወጣል። ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ሁለት ቁጥር ያያሉ። የላፕቶፕና የቴሌቪዥን መለያ ቁጥር ከጀርባቸው ላይ አለ፤ ፎቶ ያንሱት። የግዢ ደረሰኝ፣ የሊብሬ ኮፒ፣ የወርቅ ቤት ደረሰኝ በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ኮፒው ከቤትዎ ውጭ፣ የሚያምኑት ዘመድ ጋ ይሁን። ፎቶውን በዚያው በሚያዘው ስልክ ላይ ብቻ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም።

2. በር ላይ

ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። "ወንድሜ፣ ከየት ጣቢያ ነው የመጣችሁት? መታወቂያችሁን ባይ" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። መታወቂያ ካሳዩ ስምና ማዕረግ በቃልዎ ይያዙ። ሳጅን ይሁን ኢንስፔክተር፣ ከክፍለ ከተማ ፖሊስ መምሪያ ይሁን ከፌዴራል፣ በኋላ ማመልከቻ የሚጽፉት በዚህ መረጃ ነው።

ትዕዛዝ ካለ ይስጡኝ ብለው ያንብቡት። አምስት ነገር ይዩ፦ የፍርድ ቤቱን ስም፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ማኅተሙን፣ የሚበረበረውን ቤት አድራሻ፣ የሚፈለገውን እቃ። ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። "ኮምፒውተርና ሰነድ" የሚል ትዕዛዝ የእናትዎን ጌጣጌጥ አያስወስድም። የመዝገብ ቁጥሩን በወረቀት ይጻፉ ወይም ለልጅ አስይዙ። እንዲፈቅዱልዎት ጠይቀው ፎቶ ማንሳት ከቻሉ ደግሞ ጥሩ ነው።

ትዕዛዝ ከሌለስ? "በየትኛው ምክንያት ነው ያለ ትዕዛዝ የምትገቡት?" ብለው አንድ ጊዜ በግልጽ ይጠይቁ። መልሱን ያስታውሱ። ከዚያ "እኔ አልተስማማሁም፣ ግን አልከለክልም" ይበሉ። ይህች ዓረፍተ ነገር ሁለት ሥራ ትሠራለች። ፈቅደዋል እንዳይባል ትከላከላለች፤ ፖሊስን አሰናክለዋል ተብለውም በሌላ ወንጀል እንዳይጠየቁ ትጠብቃለች። በር ይዞ መታገል ከንቱ ነው። መግባት ከተከለከሉ ተመጣጣኝ ኃይል ተጠቅመው እንዲገቡ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። ያኔ ጉዳቱ ለበሩም ለእርስዎም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅን ማሳሰቢያ ልጨምር። ብርበራው ሕግ ስለጣሰ ብቻ የተገኘው ማስረጃ በራሱ ውድቅ ይሆናል ብለው አይተማመኑ። የ1954ቱ ሕግ እንዲህ የሚል ግልጽ አንቀጽ የለውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ተቀባይነት የላቸውም የሚላቸው በማስገደድ የተገኙ ቃሎችን ነው። ስለዚህ ጥሰቱን በጊዜው ማስመዝገብና በችሎት ማንሳት አለብዎት እንጂ ነገሩ ራሱን በራሱ አይፈታም።

3. ብርበራው ሲካሄድ

አብረው ይዙሩ። ሦስት ፖሊሶች በሦስት ክፍል በአንድ ጊዜ ከገቡ "እባካችሁ፣ አንድ በአንድ ክፍል ይሁን፤ እኔም እንዳይ" ይበሉ። ይህ ለእነሱም ይጠቅማል። እቃው በትክክል ከየት እንደተገኘ የሚመሰክር ሰው ያገኛሉ። ለእርስዎ ደግሞ ያልነበረ ነገር "ተገኘ" እንዳይባል መከላከያ ነው።

ብርበራን የሚታዘበውን ሰው በተለምዶ የደረጃ ምስክር እንለዋለን። ብዙ ጊዜ ጎረቤት ይጠራል። ከተቻለ እርስዎ ራስዎ ሰው ይጠቁሙ፤ ማንበብ የሚችል፣ የማይቸኩልና የማይደነግጥ ሰው ይሁን። የፖሊሱ ሾፌር ወይም አብሮ የመጣ ባልደረባ ገለልተኛ አይባልም። የደረጃ ምስክር ሆነው የተጠሩት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ከመግቢያ እስከ መውጫ ይከታተሉ። ያላዩትን አይፈርሙ። ነገ ዐቃቤ ሕግ ፍርድ ቤት ጠርቶ "ምን አየህ?" ብሎ ይጠይቅዎታል።

4. ዝርዝሩ

እቃው ከቤት ሳይወጣ ይጻፍ። "ጣቢያ ሄደን እንጽፋለን" ከተባለ በትሕትና ግን አጥብቀው ይቃወሙ። መንገድ ላይ የጠፋን እቃ ማንም አይጠየቅበትም።

ቀጥሎ አጻጻፉ ነው። ለእኔ ሰው ክርክሩን የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም እዚህ ነው። "ስልክ 1" ብሎ መጻፍ ምንም ማለት አይደለም። ሲመለስ ማንኛውም ስልክ "ያው ስልክህ ነው" ሊባል ይችላል። መጻፍ ያለበት እንዲህ ነው፦ "አንድ ሳምሰንግ ጋላክሲ ስልክ፣ ቀለሙ ጥቁር፣ የጀርባው ቀኝ ጥግ የተሰነጠቀ፣ ሁለት ሲም ካርድ ያለው፣ የአይኤምኢአይ ቁጥሩ ይህን ያህል፣ የሚሠራ፣ ከነመሸፈኛው።"

ጥሬ ገንዘብ ፊት ለፊት ይቆጠር። በጠቅላላ ድምር ብቻ ሳይሆን በየኖቱ ይጻፍ፤ ባለ 200 ስንት፣ ባለ 100 ስንት፣ ባለ 50 ስንት። የውጭ ገንዘብ ለብቻው ይመዝገብ። ከተቻለ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ይታሸግና በእሽጉ ላይ ይፈርሙበት።

ወርቅ ላይ መርማሪዎች "ወርቅ የሚመስል ቢጫ ሐብል" ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። አይቆጡ፤ ወርቅ መሆኑን እነሱ ማረጋገጥ አይችሉም። እርስዎ የሚጠይቁት ብዛት፣ ቅርጽና ክብደት እንዲጻፍ ነው። ሚዛን ከሌለ "ክብደቱ ያልተለካ፣ ባለቤቱ ይህን ያህል ግራም ነው ያለው" ተብሎ ይግባ። የወርቅ ቤት ደረሰኝ ካለዎት ጥቅሙ የሚታየው በኋላ ነው።

ሰነድ ከሆነ ገጹ ይቆጠር። "አንድ ክላሰር ሰነድ" ከሚባል "የሽያጭ ውል 4 ገጽ፣ የንግድ ፈቃድ 1 ገጽ" ይባል። ለንግድ ሥራዎ የዕለት ተዕለት አስፈላጊ ከሆነ ኮፒ እንዲያስቀሩ እዚያው ይጠይቁ። የሒሳብ መዝገቡ ሙሉ በሙሉ ተወስዶበት ግብር ማሳወቅ ያቃተው ነጋዴ ችግሩ ሁለት ይሆናል።

በትዕዛዙ ያልተጠቀሰ እቃ ሲወስዱ ካዩ "ይህ በትዕዛዙ ውስጥ የለም" ይበሉ። ካልተሳካ በዝርዝሩ ላይ ከጎኑ "በትዕዛዙ ያልተጠቀሰ" ተብሎ እንዲጻፍ ይጠይቁ። የሌላ ሰው ንብረት ካለም ባለቤቱ ይጻፍ፤ "የእህቱ መሆኑን ገልጿል" የምትል ሐረግ በኋላ ለእህትዎ ትልቅ ነገር ናት።

ከመፈረምዎ በፊት ሁሉንም ያንብቡ። ባዶ መስመር ካለ በሰረዝ ይዘጋ። ስሕተት ካለ እንዲታረም ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ከፊርማዎ በላይ በእጅ ጽሑፍዎ ተቃውሞዎን ያስፍሩ፦ "ብሩ ፊቴ አልተቆጠረም" ወይም "ሁለተኛው ላፕቶፕ በዝርዝሩ አልተካተተም"። "በፈቃዴ አስፈትሻለሁ፣ በፈቃዴ አስረክቤያለሁ" የሚል ቃል ካለበትና እውነት ካልሆነ ያሰርዙት። ከዚያ ቅጂ ይጠይቁ። ቅጂ ከተከለከሉ ፎቶ፣ ፎቶም ከተከለከሉ እንደወጡ ወዲያው ተቀምጠው ያስታወሱትን ሁሉ ጽፈው ቀንና ሰዓት ያስገቡበት። የደረጃ ምስክሩም ይፈርምበት።

5. ስልክና ኮምፒውተር

ስልክ መያዝና ስልክ ውስጥ መግባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኮምፒውተር ሥርዓትን ለመፈተሽ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይጠይቃል። ስለዚህ "ክፈተው፣ የይለፍ ቃሉን ንገረኝ" ሲባሉ "ይዘቱን ለማየት የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አለ?" ብለው ይጠይቁ። ለተያዘ ሰው ዝም የማለት መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ተረጋግጧል።

ከመረከባቸው በፊት ስልኩ ይዘጋና ሲም ካርዶቹና ሚሞሪው በዝርዝሩ ላይ ለየብቻቸው ይመዝገቡ። የጠበቃና የቤተሰብ ስልክ ቁጥር ከስልኩ ላይ በወረቀት ለመገልበጥ ይጠይቁ፤ አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዘመድ በርቀት፣ ከውጭ አገርም ቢሆን፣ ስልኩን ባዶ እንዲያደርግልዎት አይንገሩ። ማስረጃ ማጥፋት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ምንም የሌለበትን ስልክ እንኳ ጥርጣሬ ያለበት ያደርገዋል።

6. ፍርድ ቤት ሲቀርቡ

የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ መቅረብ አለበት። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ሲል የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ብዙ ሰው እነዚህን ቀጠሮዎች ስለ ዋስትና ብቻ ይጠቀምባቸዋል። ስለ ንብረትም ይጠቀሙባቸው። ዳኛው ፊት "ከቤቴ የተያዘው ንብረት ዝርዝር ቅጂ አልተሰጠኝም፤ እንዲሰጠኝ ይታዘዝልኝ" ማለት ይቻላል። "ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ የመድኃኒት ወረቀት፣ የልጆች ልደት ካርድ ተይዟል፤ ይመለስልኝ" ማለትም ይቻላል። የተናገሩት በመዝገብ ይገባል። መርማሪውም ምላሽ ለመስጠት ይገደዳል።

ጠበቃ መቅጠር የማይችል ሰው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤትን ይጠይቅ። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም በየከተማው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ ማመልከቻ በመጻፍ ያግዛሉ።

7. ማመልከቻ መጻፍ

በቃል "እባክህ ኢንስፔክተር፣ መኪናዬን ልቀቅልኝ" ማለት ቀናትን ይበላል። በጽሑፍ ይጠይቁ። ምርመራው ፖሊስ ዘንድ ካለ ለመርማሪው ክፍል፣ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ከሄደ ለዐቃቤ ሕጉ፣ ክስ ከተመሠረተ ለችሎቱ ይጻፋል። ክስ ላይ ውሳኔ ለመስጠት ሕጉ ለዐቃቤ ሕግ መዝገቡ ከደረሰው 15 ቀን ሰጥቶታል፤ ይህን ቁጥር ይያዙ፣ ሲያልፍ ይጠይቁበት።

አጭር ናሙና ይኸው፦

ቀን፦ ………
ለ……… ፖሊስ መምሪያ የወንጀል ምርመራ ክፍል
ጉዳዩ፦ በኤግዚቢትነት የተያዘ ንብረት እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

በምርመራ መዝገብ ቁጥር ……… በተያዘ ጉዳይ፣ በ……… ቀን ከመኖሪያ ቤቴ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ንብረቶች ተይዘዋል፦ (ሙሉ መግለጫ ከመለያ ቁጥር ጋር)። ንብረቶቹ የእኔ መሆናቸውን የሚያሳዩ ደረሰኞችና የሊብሬ ኮፒ በ……… ገጽ አያይዤ አቅርቤያለሁ። ንብረቶቹ ለምርመራው የማያስፈልጉ ስለሆነ (ወይም ምርመራው ስለተጠናቀቀ) እንዲመለሱልኝ እጠይቃለሁ። ለማስረጃነት አስፈላጊ ናቸው ከተባለ ደግሞ ፎቶግራፍ ተነሥቶና ቅጂ ተወስዶ፣ በተፈለጉ ጊዜ እንዳቀርባቸው ዋስትና አስይዤ እንድረከባቸው እንዲፈቀድልኝ፤ ጥያቄዬ ተቀባይነት ካላገኘም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ አመለክታለሁ።

ስምና ፊርማ

የመጨረሻዋን ሐረግ እንዳይተዉ። በጽሑፍ የተሰጠ እምቢታ ወደ ላይ ይዘውት የሚወጡት ነው። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በእርስዎ ቅጂ ላይ "ገቢ" የሚል ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ያስመቱ። ማኅተም የሌለው ማመልከቻ እንዳልተጻፈ ነው።

መኪና፣ የባንክ ሂሳብ፣ ከሰው እጅ የተገዛ ስልክ

መኪና ሲያዝ የኪሎሜትር ንባቡ፣ የነዳጅ መጠኑ፣ ጎማው፣ ትርፍ ጎማው፣ ባትሪውና ቴፑ ይጻፍ፤ አራቱም ጎን ፎቶ ይነሣ። ግቢ ውስጥ ወራት ቆሞ ባትሪው ወይም መስታወቱ ሳይኖር የተገኘ መኪና ላይ መከራከር የሚቻለው ይህ ከተመዘገበ ነው። ያከራዩት ከሆነ ሊብሬውን፣ የኪራይ ውሉንና የተከራዩን ማንነት ይዘው በራስዎ ስም ያመልክቱ፤ የተከራዩን ጉዳይ አይጠብቁ። ባለቤቱ አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም አረብ አገር ከሆነ በአቅራቢያው ባለ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ያድርግ። ውክልናው አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ውክልናው ላይ "ከፖሊስ፣ ከዐቃቤ ሕግና ከፍርድ ቤት ንብረት ተረክቦ መፈረም" የሚል ቃል መኖሩን ያረጋግጡ፤ ካልኖረ መልሰው ያስጽፉዎታል።

የባንክ ሂሳብ በዋናነት የሚታገደው በፍርድ ቤት እግድ ነው። በሙስናና በተመሳሳይ ከባድ ጉዳዮች ልዩ ሕጎች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ የተሻሻለው የፀረ ሙስና ልዩ የሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግ አዋጅ ቁጥር 434/1997 ነው። እግዱ እርስዎ ሳይሰሙ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ባንኩን የእግዱን ደብዳቤ ቁጥርና የፍርድ ቤቱን ስም ይጠይቁ፤ ከዚያ ትዕዛዙን ለሰጠው ችሎት እግዱ እንዲነሣ ወይም እንዲሻሻል ያመልክቱ። ለቤተሰብ ቀለብ፣ ለልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና ለሠራተኛ ደመወዝ የሚሆን ገንዘብ እንዲለቀቅ በቁጥር አስደግፈው ይጠይቁ። እዚህ ጠበቃ ሳይዙ አይግቡ።

ከሰው እጅ የገዙት ስልክ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ስሱ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ብቻ ሳይሆን ማወቅ ሲገባው የተቀበለንም ይቀጣል። በገበያ ዋጋ ግማሽ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ከማያውቁት ሰው መንገድ ላይ መግዛት "አላወቅሁም" የሚለውን ቃል ያዳክመዋል። የሻጩን መታወቂያ ኮፒ፣ የገንዘብ ዝውውሩን ማስረጃና የተጻጻፉትን መልእክት ይዘው ቃልዎን ይስጡ። ስልኩ ወደ ዋናው ባለቤት ሊመለስ ይችላል፤ የእርስዎ ጥያቄ ያን ጊዜ ሻጩ ላይ ይሆናል።

የጦር መሣሪያ፣ ዕፅና ሐሰተኛ ገንዘብ ግን ተከራክረው የሚያስመልሷቸው አይደሉም። ፈቃድ ያለው መሣሪያ ከሆነ ፈቃዱን ያቅርቡ፤ ሌላው በፍርድ ቤት ያልቃል።

8. እምቢ ሲሉ

መጀመሪያ የመርማሪው አለቃ ጋ ይሂዱ። ቀጥሎ የመምሪያው ኃላፊ፣ ከዚያ የፖሊስ ኮሚሽኑ። በጎን ደግሞ ምርመራውን የሚከታተለውን ዐቃቤ ሕግ ያግኙ፤ በፌዴራል ፍትሕ ሚኒስቴር፣ በክልል ፍትሕ ቢሮ ነው። ከልምድ የሚታየው፣ ዐቃቤ ሕጉ "ይህ እቃ ለክሱ አያስፈልገኝም" ብሎ ከጻፈ አብዛኛው በር ይከፈታል። በመብት ጥሰት ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ በአስተዳደር በደል ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። ንብረቱ ጠፍቶ ወይም ሰው ለግሉ ሲጠቀምበት ከተገኘ ጉዳዩ የዲሲፕሊን ብቻ አይሆንም፤ በሥልጣን አላግባብ መገልገል በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ያስቀጣል።

"ትንሽ ነገር ብትሰጥ ቶሎ ይወጣልሃል" የሚል ደላላ ጣቢያ በር ላይ ሊያገኝዎት ይችላል። አይስጡ። ጉቦ የሰጠም ወንጀለኛ ነው። እቃዎን ሊያስመልሱ ሄደው ራስዎ ተጠርጣሪ ይሆናሉ።

ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ከዘጋ የውሳኔውን ግልባጭ ይውሰዱና በዚያው ቀን የማስመለሻ ማመልከቻ ያስገቡ። ክስ ቀርቦ ነፃ ከወጡም ሆነ ከተቀጡ፣ ፍርዱ ሲነበብ ስለ ኤግዚቢቱ ምን እንደተባለ ያዳምጡ። ዳኛው ስለ ኤግዚቢቱ ምንም ካላለ እዚያው ቆመው ይጠይቁ። ፍርዱ ላይ ካልተጻፈ የኤግዚቢት ክፍሉ "ትዕዛዝ አምጣ" ይልዎታል፤ ለአንድ መስመር ትዕዛዝ እንደገና መዝገብ ማንቀሳቀስ አለብዎት።

9. ሲረከቡ

መታወቂያ፣ ትዕዛዙን እና የዝርዝሩን ቅጂ ይዘው ይሂዱ። ከተቻለ ሰው ያስከትሉ። እቃውን አንድ በአንድ ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክሩ። ስልኩን ከፍተው አይኤምኢአዩን ይዩ፣ ላፕቶፑን ያስነሡ፣ ብሩን ይቁጠሩ፣ ወርቁን ያስመዝኑ። "ፈርም፣ በኋላ ታየዋለህ" ሲሉ አይስሙ። የጎደለ ወይም የተበላሸ ካለ በርክክቡ ሰነድ ላይ ከፊርማዎ በፊት ይጻፉት፦ "ሐብሉ አልተመለሰም፤ የላፕቶፑ ስክሪን ተሰብሮ ተረክቤያለሁ።" እንዲህ ሲጽፉ ፊት ሊጠቁርብዎት ይችላል። ይጻፉት።

ለጠፋውና ለተበላሸው ካሳ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይጠየቃል። አንቀጽ 2126 በመንግሥት ሠራተኛ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ሠራተኛውም መንግሥትም የሚጠየቁበትን መንገድ ያስቀምጣል። ለዚህ ዓይነቱ ካሳ አንቀጽ 2143 የ2 ዓመት ጊዜ ይሰጣል፤ የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ማመልከቻ እየጻፉ፣ አለቃ እየጠበቁ ይህ ጊዜ እንዳያልፍብዎት። ጉዳቱን ባወቁበት ሳምንት ባለሙያ ግምት ያሠሩና ጠበቃ ያማክሩ።